የጂም ዋጋ ስንት ነው? «ሃክልቤሪ ፊን»ን በገንዘብ ዱካ ማንበብ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በሜሪላንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከወጣች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የማርክ ትዌይንን «የሃክልቤሪ ፊን ገጠመኞች» እያነበቡ ነው፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለ ጭብጡ ድርሰት እንድትጽፍ ታዝዛለች። «ጭብጡ ዘረኝነትና ነፃነት ነው፣ ሃክ ደፋር ነው፣ ጂም ደግና ታማኝ ነው ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ግን ይህን መጽሐፉን ያላነበበ ሰውም ሊጽፈው ይችላል አለችኝ። ምን ጎደለው? የመጨረሻዎቹ ምዕራፎችስ ለምን እንደዚያ ቀልድ ሆኑ?» ትላለች። የገጸ ባሕርያቱ የአነጋገር ዘዬም አስቸግሯታል።

ውድ ጠያቂያችን፣

የጻፍሽው ስሕተት የለበትም፤ ችግሩም እሱ ነው። «ዘረኝነት»ም ሆነ «ነፃነት» የርዕሰ ጉዳይ ስም ነው። ጭብጥ የሚባለው መጽሐፉ ስለዚያ ርዕሰ ጉዳይ የሚለው፣ የሚሞግተው፣ አንዳንዴም ከራሱ ጋር የሚጣላበት ነገር ነው። «ደፋር»፣ «ደግ»፣ «ታማኝ» ደግሞ ለምስክር ወረቀት የሚመቹ ቅጽሎች ናቸው። ገጸ ባሕርይ የሚታወቀው ውሳኔው በሚያስከፍለው ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ምን ብሎስ ራሱን ያሳምናል? ብዙ ተማሪዎች ገጸ ባሕርያትን በአንድ አንቀጽ፣ ጭብጥን በሌላ አንቀጽ ይጽፉና ሁለቱ ሰላምታ እንደማይለዋወጡ ጎረቤቶች ተለያይተው ይቀራሉ።

ስለዚህ ከጭብጥ አትነሺ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚደጋገም፣ በእጅ የሚጨበጥ አንድ ነገር ምረጪና ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው እርሳስ ይዘሽ ተከተዪው። በዚህ ልብ ወለድ ብዙ ሰው የሚመርጠው ወንዙን ነው፤ ሚሲሲፒ የነፃነት ምልክት ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ድርሰት መምህርሽ በየዓመቱ ሳታነብ አትቀርም። ደግሞም ወንዙ ጂምን የሚወስደው ባርነቱ ወደሚከፋበት ወደ ደቡብ ስለሆነ ምልክቱ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። እኔ ላሳይሽ የምፈልገው የገንዘቡን ዱካ ነው፤ በተለይ በጂም ራስ ላይ በየጊዜው የሚጠራውን ዋጋ።

ታሪኩን ላላነበቡ ሰዎች ጥቂት ልበል። ማርክ ትዌይን የብዕር ስም ነው፤ ጸሐፊው ሳሙኤል ክሌመንስ ሲሆን በ1835 ሚዙሪ ውስጥ ተወልዶ ሐኒባል በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ አደገ። ሚዙሪ በዚያን ጊዜ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ነበረች። መጽሐፉ በእንግሊዝ በታኅሣሥ 1884፣ በአሜሪካ በየካቲት 1885 ወጣ፤ ታሪኩ ግን ከዚያ ከ40 እስከ 50 ዓመት ቀደም ብሎ የሆነ ተደርጎ የቀረበ ነው። ተራኪው ሃክ 13 ወይም 14 ዓመት የሚሆነው የሰካራም ልጅ ነው። አባቱ እየደበደበ ቢያስመርረው የተገደለ አስመስሎ ይጠፋል። ጂም ደግሞ የሚስ ዋትሰን ባሪያ ነው፤ ሊሸጥ መሆኑን ሰምቶ ያመልጣል። ሁለቱ አንዲት ደሴት ላይ ይገናኙና ከግንድ በተጋጠመ ታንኳ ወንዙን ይዘው ይወርዳሉ። ዕቅዳቸው ካይሮ የምትባለው የኢሊኖይ ከተማ (የግብጿ አይደለችም) ሲደርሱ በኦሃዮ ወንዝ ሽቅብ ወደ ነፃዎቹ ግዛቶች መሄድ ነበር። ጭጋግ ባለበት ሌሊት ሳያውቁት አልፈዋት ይሄዳሉ።

ዋጋው መጀመሪያ የሚጠራው በምዕራፍ 8 ነው። ሚስ ዋትሰን ሃክን ጸሎት የምታስተምር፣ ስለ ገነትና ስለ ሲኦል የምትሰብክ ሴት ናት። ጂምን ወደ ደቡብ እንደማትሸጠው ስትናገር ኖራለች፤ ልትሸጠውም አልፈለገችም። ነገር ግን አንድ የባሪያ ነጋዴ ይመጣል፤ የሚገኘው ዋጋ 800 ዶላር ነው፤ ያን ያህል ክምር ገንዘብ እምቢ ማለት አልቻለችም። ትዌይን ይህችን ሴት ጨካኝ አድርጎ እንዳልሳላት ልብ በዪ። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጉዳዩ የአንዲት ክፉ ሴት ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። ደህና ሴት ናት፤ የምታቅማማም ናት፤ ማቅማማቷ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋው 800 ዶላር ነው።

በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ጂም እንዲህ ይላል፦ «አሁን ሳስበው ሀብታም ነኝ። የራሴ ባለቤት እኔው ነኝ፤ የማወጣውም ስምንት መቶ ዶላር ነው። ገንዘቡን ባገኘው ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።» (ጥቅሶቹን የተረጎምኳቸው እኔ ነኝ፤ አንቺ በድርሰትሽ ውስጥ እንግሊዝኛውን እንዳለ አስገቢ።) ከዚህ ንግግር በፊት ጂም ከሀብቱ እንዴት እንደከሰረ እያወራ ነበር፤ ላም ገዝቶ እንደሞተችበት፣ ባንክ ከፈትኩ ላለ ሰው አምኖ ገንዘቡን እንደሰጠ። አንባቢ እየሳቀ ነው የሚደርስበት። ትዌይንን ስታነቢ ይህን ልማድ ያዢ፦ ሳቁ ሲያልቅ አትለፊ፤ የቀልዱን ጅራት ተመልከቺ። እዚያ የተቀመጠችው ዓረፍተ ነገር ናት ሙሉ ድርሰት የምታጽፈው። ጂም የሚናገረው በገበያው ቋንቋ ነው። የገበያውን ሒሳብ ተቀብሎ ባለቤቱን ብቻ ቀየረው። ነፃ ሆኖ የተወለደ ሰው ስለ ራሱ «የራሴ ባለቤት ነኝ» ብሎ መናገር አያስፈልገውም፤ ጂም ግን ያስፈልገዋል፤ በሕጉ ዓይን በማምለጡ የሰረቀው ራሱን ነውና። በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገጸ ባሕርዩም አለ፣ ጭብጡም አለ።

በምዕራፍ 11 ዋጋው 300 ዶላር ይሆናል። ይህ እንግዲህ ጂምን ለያዘ ሰው የተመደበ ሽልማት ነው፤ ሃክን ገድሏል ተብሎ ተጠርጥሯልና። ሃክ የሴት ልጅ ልብስ ለብሶ ወሬ ሊሰማ ወደ አንዲት ሴት ቤት ይገባል። ጁዲት ሎፍተስ ትባላለች። ብልህና ርኅሩኅ ናት፤ መርፌ ሲያሰካ አይታ ወንድ መሆኑን ትደርስበታለች፤ አሳልፋ አትሰጠውም፤ እንዲያውም መክራ ትሸኘዋለች። ይህችው ሴት ግን ባሏ በዚያው ሌሊት ጂምን ለመያዝ ወደ ደሴቲቱ እንደሚሄድ በደስታ ትነግረዋለች፤ ሦስት መቶ ዶላር በየቀኑ መንገድ ላይ ወድቆ ይገኛል ወይ ስትል ትጠይቃለች። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጭውውት፣ ለተሸሸገ ነጭ ልጅ የምታዝን እናትና ሰውን እንደ ወደቀ ገንዘብ የምትቆጥር ሴት። ሁለት ሰው አይደለችም። መጽሐፉ ደጋግሞ የሚያሳየው ይህንን ነው፦ ባርነት የቆመው በክፉዎች ብቻ ሳይሆን በደጋጎች ትከሻም ላይ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልትቆዪበት የሚገባሽ ምዕራፍ 16 ነው። ታንኳው ወደ ካይሮ የተቃረበ መስሏቸዋል። ጂም በደስታ መቀመጥ አቅቶታል፤ ነፃ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያወራል። ገንዘብ አጠራቅሞ ሚስቱን ይገዛል፤ ከዚያ ሁለቱ ሠርተው ሁለት ልጆቻቸውን ይገዛሉ፤ የልጆቹ ጌታ አልሸጥም ካለ ግን ባርነትን ከሚቃወሙ ሰዎች አንዱን ልከው ያሰርቋቸዋል። ሃክ ይህን ሲሰማ ደሙ ይቀዘቅዛል። የሚያስበውን ተመልከቺ፦ ይህ ሰው ልጆቹን እሰርቃለሁ ይላል፤ እኔ የማላውቀው፣ አንድም ክፉ ነገር ያላደረገብኝ ሰው ንብረት የሆኑትን ልጆች!

አንድ አባት የገዛ ልጆቹን «መስረቁ» ሃክን ያስደነግጠዋል። አባት ከልጆቹ መለየቱ ግን ቅር አይለውም። ይህ ምጸት ነው፤ ግን በድርሰትሽ ውስጥ «ምጸት አለ» ብለሽ አትለፊ፤ እንዴት እንደሚሠራ አሳዪ። ተራኪው አንድ ነገር ይናገራል፤ እኛ ከእሱ በላይ ሌላ ነገር እንሰማለን። ሃክ አይዋሸንም። ከልቡ የሚያስበው ያንን ነው፤ ያደገበት ከተማና የሰማው ስብከት ሁሉ ያስተማሩት ያንን ነው። ትዌይን ከጎን ቆሞ «ልጁ ተሳስቷል» የሚል አንድ ቃል አያስገባም። ሥራውን ለአንባቢው ትቶታል። መጽሐፉን ከባድ የሚያደርገው ከዘዬው ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

ሃክ ጂምን አሳልፎ ሊሰጥ ቆርጦ በትንሿ ጀልባ ወደ ዳር ይቀዝፋል። ጂም ከኋላው ይጣራል፤ ለእኔ ቃሉን የጠበቀ ብቸኛው ነጭ ጨዋ አንተ ነህ ይለዋል። ወዲያው ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ያጋጥሙታል፤ ያመለጡ አምስት ባሮች ያድናሉ። በታንኳው ላይ ያለው ነጭ ነው ወይስ ጥቁር ብለው ይጠይቁታል። ሃክ ቃሉ አልወጣለት ይላል፤ በመጨረሻ «ነጭ ነው» ይላል። ከዚያ አባቴ ታሟል፣ ታንኳውን በመጎተት እርዱን እያለ ይለማመጣል፤ ሰዎቹ ፈንጣጣ መሆኑን ጠርጥረው ይሸሻሉ። ሲሸሹ ግን ሕሊናቸው ስለቆረቆራቸው እያንዳንዳቸው የ20 ዶላር ወርቅ በሳንቃ ላይ አድርገው ወደ እሱ ያንሳፍፉለታል።

40 ዶላር። ይህን ቁጥር አስምሪበት። ሰው አዳኞች ለታመመ ነጭ ቤተሰብ ሲያዝኑ የከፈሉት ነው፤ ላለመርዳት የተከፈለ የርኅራኄ ዋጋ። ሃክና ጂም 20፣ 20 ይካፈሉታል።

መንገዱ ላይ ሁለት አጭበርባሪዎች ይቀላቀሏቸዋል፤ አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ መስፍን ነኝ ባይ። መስፍኑ ቀን ቀን ያለ ሥጋት ለመጓዝ እንዲመች የውሸት ማስታወቂያ ያትማል፤ ያመለጠ ባሪያ፣ ጉርሻ 200 ዶላር የሚል። በዚያች ወረቀት ጂም ለመጀመሪያ ጊዜ የሌለ ሰው ዋጋ ይለጠፍበታል። በምዕራፍ 31 ደግሞ ያች የውሸት ወረቀት እውነተኛ ሽያጭ ትወልዳለች፤ ንጉሡ ጂምን ለጉርሻው ፈላጊ በ40 ዶላር ይሸጠዋል። ሃክ የሚናደደው በዚህ ነው፦ «ለአርባ ቆሻሻ ዶላር» ይላል፣ በባዕዳን መካከል ዕድሜ ልኩን ባሪያ አደረጉት። ያው 40 ዶላር ተመልሶ መጣ። የይሁዳን 30 ብር እየሰማ ያደገ አንባቢ ቁጥሩን ሳያስበው ያነጻጽራል፤ ግን በድርሰትሽ ውስጥ ይህን እንደ ማስረጃ አታቅርቢው፤ ጽሑፉ ይሁዳን አይጠራም።

አሁን ወደ ታወቀችው ገጽ እንምጣ። ሃክ ለሚስ ዋትሰን ደብዳቤ ይጽፋል፤ ባሪያሽ እዚህ ነው፣ ጉርሻውን ብትልኪ ይሰጡሻል የሚል ሁለት መስመር። ጽፎ እንደጨረሰ ከኃጢአት ሁሉ የታጠበ ሆኖ ይሰማዋል፤ መጸለይ እንደሚችልም ያውቃል። ግን ወዲያው አይጸልይም። ወረቀቱን አስቀምጦ ያስባል። የሚያስበው ምንድን ነው? ስለ ባርነት አንድም ሐሳብ የለም። ጂም የሃክን የጥበቃ ተራ በራሱ ተራ ላይ ደርቦ ሲጠብቅለት፤ ልጁ ይተኛ ብሎ ሳይቀሰቅሰው ሲቀር፤ ከጭጋጉ ሲመለስ እንዴት ደስ እንዳለው። ከዚያ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ «እንግዲያውስ ሲኦል እገባለሁ» ይልና ይቀደዋል።

ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ «ሃክ ባርነት ስሕተት መሆኑን ተረዳ» ብለው ይጽፋሉ። አልተረዳም። እባክሽ ይህን አትጻፊ። ሃክ በዚያች ደቂቃም ሆነ በኋላ የሠራው ክፉ ሥራ ነው ብሎ ያምናል። ትክክሉን መርጦ የተሸለመ ጀግና አይደለም፤ ኃጢአቱን ዐውቆ የመረጠ ልጅ ነው። ሲኦል ለእሱ የአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም፤ በእኛ አገር አያቶች ፊት ያደገ ልጅ እንደሚያውቀው፣ እውነተኛ እሳት ያለበት ቦታ ነው። ይህን ካልያዝሽ የገጹ ክብደት ያልፍሻል። ትዌይን ራሱ በ1895 በማስታወሻ ደብተሩ መጽሐፉን ጤናማ ልብና የተበላሸ ሕሊና የሚጋጩበት፣ ሕሊናም የሚሸነፍበት ሲል ገልጾታል። እኛ ሕሊናን ሁልጊዜ የእግዚአብሔር ድምፅ አድርገን እንይዛለን፤ ትዌይን ግን ሕሊና ከጎረቤትና ከመድረክ የሚቀዳ ሊሆን ይችላል ይላል። ከ«ዘረኝነት መጥፎ ነው» በብዙ የራቀ፣ የሚያከራክር ጭብጥ ይሄ ነው።

የዚህን ልጅ ገደብም አሳዪ። በምዕራፍ 23 ጂም ራሱን በጉልበቱ መካከል አድርጎ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ሲያለቅስ ሃክ ያየዋል። ነጮች ለቤተሰባቸው እንደሚያስቡት ይህም ሰው ያስባል ማለት ነው ይላል፤ «ተፈጥሯዊ አይመስልም፣ ግን ሳይሆን አይቀርም»። በምዕራፍ 40 ጂምን ሊያመሰግን ሲፈልግ ውስጡ ነጭ መሆኑን ዐውቅ ነበር ይላል። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አያውቅም። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ሸፍነሽ ብታልፊ ድርሰትሽ ንጹሕ ጀግና ያገኛል፤ መጽሐፉን ግን ያጣል።

ጂምንም «ደግና ታማኝ» በሚለው አትዝጊው። በዚያው ምዕራፍ 23 ስለ አራት ዓመት ልጁ ኤልሳቤጥ ይናገራል። ቀይ ትኩሳት ይዟት ድና ነበር። በሩን ዝጊ ይላታል፤ ፈገግ ብላ ትቆማለች፤ ይቆጣል፤ ደግሞ ይናገራታል፤ በመጨረሻ በጥፊ ይመታታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፋስ በሩን ከኋላዋ በኃይል ይገጨዋል፤ ልጅቷ አትነቃነቅም። ያን ጊዜ ነው መስማት እንደተሳናት የገባው። ይህን የሚናገረው ባሪያ አይደለም፣ ታማኝ ረዳትም አይደለም፤ አባት ነው፤ ራሱን ይቅር ማለት ያልቻለ አባት። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ራሱን የሚከስ አዋቂ ሰው ሌላ አላገኘሁም።

ጂም ምስጢርም ይይዛል። በምዕራፍ 9 በጎርፍ በተወሰደ ቤት ውስጥ የሞተ ሰው ያያሉ፤ ጂም ሃክ ፊቱን እንዳያይ ይከለክለዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ ያ አስከሬን የሃክ አባት እንደነበረ ይነግረዋል። ለምን ደበቀው? ልጁን ከሐዘን ለማዳን ሊሆን ይችላል። ሌላም ምክንያት ይታየኛል፦ ሃክ የሚሸሸው አባቱን ነው፤ አባቱ መሞቱን ካወቀ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም፤ ያለ ነጭ ጓደኛ በወንዙ ላይ የሚታይ ጥቁር ደግሞ ወዲያው ይያዛል። ሁለቱም ምክንያት አንድ ሰው ውስጥ አብሮ ሊኖር ይችላል። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ አንቺ አንዱን ብትመርጪም ከጽሑፉ እስካስረዳሽ ድረስ መብትሽ ነው።

ወደ መጨረሻዎቹ ምዕራፎች ልምጣ። ጂም ከተሸጠ በኋላ በፌልፕስ ቤተሰብ እርሻ ላይ ተቆልፎበታል። የሃክ ጓደኛ ቶም ሶየር ይመጣል፤ ጂምን በቀላሉ ማስመለጥ ሲቻል እስረኞች ስላሉባቸው መጻሕፍት ያነበበውን ሁሉ ያስፈጽማል፤ አይጥ፣ ሸረሪት፣ እባብ ወደ ጎጆው ያስገባል፤ በደም ደብዳቤ ያስጽፈዋል። ረጅም ነው፤ ሳነበው ዛሬም ይሰለቸኛል። ያልወደድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ በ1935 የአሜሪካ ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ መጣ ብሎ አወድሶ፣ ጂም በተወሰደበት ቦታ ንባቡን አቁሙ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ማጭበርበር ነው ሲል መክሯል። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት በበኩሉ መጨረሻው ወደ መነሻው ስሜት መመለሱን ትክክል ነው ብሎ ደግፏል።

ገንዘቡን ከተከተልሽ ግን እነዚህ ምዕራፎች ሌላ መልክ ይይዛሉ። ቶም በሽሽቱ መሐል በጥይት ባቱን ይመታል። ጂም ለመዳን አንድ እርምጃ ሲቀረው ሐኪም ካልመጣ አልነቃነቅም ይላል፤ ነፃነቱን ይሰጣል። ተይዞ ሲመለስ አንዳንዶቹ ለሌሎች መቀጣጫ እንዲሆን እንስቀለው ይላሉ። ሌሎቹ ይከለክላሉ፦ የእኛ አይደለም፤ ጌታው መጥቶ ዋጋውን ያስከፍለናል። ሕይወቱን ያተረፈለት ዋጋው ነው። ከዚያ ሐኪሙ ስለ ጂም ይመሰክራል፤ በታማኝነት እንዳገዘው ተናግሮ፣ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ሺህ ዶላርና መልካም አያያዝ ይገባዋል ይላል። ሐኪሙ ማመስገኑ ነው። ምስጋናው ግን በጨረታ ቋንቋ ወጣ፤ ከ800 ወደ 1,000 ከፍ አለ። ሰዎቹም ልባቸው ተነክቶ ከእንግዲህ አንሰድበውም ብለው ይስማማሉ፤ ሰንሰለቱን ለማቅለል ግን ማንም አያስብም።

ከዚያ ቶም ይነቃና ምስጢሩን ያወጣል። ሚስ ዋትሰን ከሁለት ወር በፊት ሞታለች፤ ልትሸጠው አስባ በማፈሯም በኑዛዜዋ ነፃ አውጥታዋለች። ጂም ከእባብና ከአይጥ ጋር የታሰረው ነፃ ሰው ሆኖ ነው፤ ቶም ይህን እያወቀ ተጫውቶበታል። ለትዕግሥቱም ካሳ ይከፍለዋል። ስንት? 40 ዶላር። ጂም ደስ ይለዋል፤ በደሴቲቱ ላይ ሀብታም እሆናለሁ ብዬህ አልነበረም ሲል ለሃክ ያስታውሰዋል።

አዳኞቹ የሰጡት 40፤ ንጉሡ የሸጠበት 40፤ ቶም የከፈለው 40። ይህን የመሰለ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ቶም ከማን ተርታ እንደቆመ ታያለሽ፤ ትዌይን ግን ቶምን በአንድ ቃል አይወቅስም። መጽሐፉ የተጀመረው በ1876 ነው፤ እየተቋረጠ የተጠናቀቀው በ1883። ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተሻረው በ1865 ነው፤ በ1877 ግን የፌዴራሉ መንግሥት የመጨረሻ ወታደሮቹን ከደቡብ ግዛቶች ጥበቃ አነሣ፤ በወረቀት ነፃ የወጡት ጥቁሮች መብታቸው በየተራ ተገፈፈ። አንዳንድ ሐያስያን የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች በዚህ ያነቧቸዋል፦ ነፃነቱ የተጻፈለት፣ ግን ለሌሎች ጨዋታ ሲባል በሰንሰለት የተያዘ ሰው። ትዌይን ይህን አስቦ ጻፈ ብለሽ በእርግጠኝነት አትናገሪ፤ «እንዲህ ሊነበብ ይችላል» በዪ። ምዕራፎቹ አሰልቺ መሆናቸውን ማመንም አያስፈራሽ።

አንድ ያልተመለሰ ጥያቄም ልተውልሽ። ከ1ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ሃክ 6,000 ዶላር አለው፤ በዳኛ ታቸር እጅ ተቀምጦ በቀን አንድ ዶላር ይወልዳል። ለጂም ከተጠራው ዋጋ ሁሉ ይበልጣል። በምዕራፍ 4 አባቱ እንዳይወስድበት ለዳኛው በአንድ ዶላር ይሸጥለታል፤ ለገንዘብ ያለው ንቀት ከዚያ ይታያል። ሆኖም በረጅሙ ጉዞ ሁሉ ጂምን ልግዛውና ነፃ ላውጣው የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜም አይመጣለትም። የሞተ መምሰሉ ከለከለው? ገንዘቡን እንደ ራሱ ባለማየቱ ነው? ወይስ ጂምን ለመግዛት መጀመሪያ የሚሸጥ ነገር አድርጎ ማሰብ ስላስፈለገ? ክፍልሽ ውስጥ ይህን ብታነሺ ክርክር ይነሣል።

አሁን ስለ አጻጻፉ። የመጀመሪያ ድርሰትሽ «ጂም ታማኝ ነው» ይላል። በዚህ ፋንታ እንዲህ ጀምሪ፦ «በልብ ወለዱ ውስጥ በጂም ላይ ዋጋ የሚጠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ደጋጎች ናቸው፤ ትዌይን የሚጠይቀው ክፉ ሰው እንዴት ባሪያ ይገዛል ብሎ ሳይሆን ደግ ሰው ዋጋውን ሲጠራ ለምን አያፍርም ብሎ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር መጽሐፉን ያላነበበ ሰው አይጽፈውም፤ የሚቃወመውም ሰው አይጠፋም። ከዚያ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ዋጋ ይያዝ፦ ማን ጠራው፣ በምን ሁኔታ፣ በምን ቃል። ታሪኩን አትተርኪ፤ መምህርሽ አንብባዋለች። ጥቅሱ አጭር ይሁን፤ ከጥቅሱ በኋላ ያንቺ ማብራሪያ ከጥቅሱ ይርዘም። ሰባቱንም ዋጋዎች ለማስገባት አትድከሚ፤ 800፣ ሁለቱ የወርቅ ሳንቲሞች፣ ሐኪሙና የቶም 40 ከበቂ በላይ ናቸው።

ዘዬውን በተመለከተ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ። ትዌይን ቃላቱን የጻፈው እንደሚሰሙት ነው፤ በዓይን ግራ የሚያጋባው በጆሮ ይገባል። የጂምን ንግግር መጀመሪያ ቀስ ብለሽ፣ ሁለተኛ በተለመደው ፍጥነት ብታነቢው ከጥቂት ገጾች በኋላ ይለምድሻል። በድምፅ የተቀረጸውን መጽሐፍ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያውሳሉ፤ መጽሐፉን ከፍተሽ እያየሽ አዳምጪው።

ጥቁሮችን የሚያዋርደው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ከ200 ጊዜ በላይ ይመጣል። በ2011 ቃሉን «ባሪያ» በሚል የተካ እትም ወጥቶ ብዙ አነጋግሯል። በክፍልሽ የትኛውን እትም እንደምታነቡ አረጋግጪ፤ ጥቅስ ስትወስጂ ቃሉን እንዴት እንድታሳልፊው እንደምትፈልግ መምህርሽን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በራስሽ ዓረፍተ ነገር ግን አትጠቀሚበት። ጊዜ ካጠረሽ ምዕራፍ 8፣ 16፣ 31 እና 42ን ደግመሽ አንብቢ፤ ከምዕራፍ 24 እስከ 30 ያለውን የዊልክስ ቤተሰብ ታሪክ ለጊዜው ተዪው፤ በምዕራፍ 27 ሁለት ወንድማማች ባሮች ወደ ሜምፊስ፣ እናታቸው ወደ ኒው ኦርሊንስ ተለያይተው የሚሸጡበትን ገጽ ግን አንብቢ።